ግራው ቀድሞ ሲገባ

እማማ ፉሳኖ አኒሜ የሚባለውን የሥዕል ፊልም አያዩም ነበር። ነሪማ ውስጥ፣ ያውም በእኛ መንገድ ላይ እየኖሩ! እዚህ ሰፈር ድንጋይ ብትወረውሩ ወይ ሠዓሊ ትመታላችሁ ወይ የሠዓሊ አከራይ። የእኔ ምሳ ቤት እንኳ ስቱዲዮ ተሸክሞ ነው የቆመው፤ ቀኑን ሙሉ ከኮርኒሴ በላይ ወንበር ሲጎተት እሰማለሁ። እነዚያ ልጆች የሚስሉት እኔ የጠበስኩትን የድንች ኮሮኬ በልተው ነው። ስለዚህ «ቶሺኤ ስለ ሥዕል ምን ታውቃለች» የሚል ካለ ይምጣና ፊት ለፊት ይንገረኝ።

የእማማ ፉሳኖ ልጅ ኪኑኮ እዚያው ፎቅ ላይ አራሚ ናት። ወጣቶቹ የሣሉትን ወረቀት በወረቀት እያገላበጠች ጣት የጎደለበት ላይ ጣት ትጨምራለች፣ የተንሸዋረረ ዐይን ታቃናለች። በቴሌቪዥን ስታዩት ሰውዬው ሲራመድ አፍንጫው ወዲህ ወዲያ ካላለ ኪኑኮን አመስግኑ። ማመስገኑ እንኳ አይመቻችሁም፤ መጨረሻ ላይ በሚሮጠው የስም ጋጋታ ውስጥ የእሷ ስም ዐይናችሁን እስክትጨፍኑ ያልፋል።

እናትየው ደግሞ ኪሞኖ አልባሽ ነበሩ። ሙሽራው፣ ለአካለ መጠን የደረሰችው ልጃገረድ፣ በበዓል ቀን የሚንፈራገጠው ሕፃን፣ ሁሉም በእጃቸው አልፏል። ቀብር አስፈጻሚ ሲጠራቸውም ሄደው ሙት ያለብሱ ነበር። ልጃቸውን ኪኑኮ ያሏት «የሐር ልጅ» ለማለት ነው፤ ሙያዬን ትወርሳለች ብለው። ልጅት እርሳስ ይዛ ከቤት ወጣች። «እኔ ሥጋና ደም ያለውን ሰው አለብሳለሁ፣ አንቺ ወረቀት ታለብሻለሽ» አሏት አንድ ቀን። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራዋ ጠይቀዋት አያውቁም፤ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ኩሩ ናቸው፤ አንዴ የተናገሩትን መልሶ መዋጥ ያንቃቸዋል።

ሌላም ነገር አለ። በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ሙታን ቤታቸውን ሊጎበኙ በሚመለሱበት ሰሞን፣ እማማ ፉሳኖ ከእኔ ቤት አንድ ኩባያ የተፋቀ በረዶ ይገዛሉ፣ የእንጆሪ ሽሮፕ የፈሰሰበት። ለታናሺቱ ልጃቸው ለቺዮ ነው። ቺዮ በሰባት ዓመቷ በትኩሳት ሞተች፣ እኔ ወደዚህ መንገድ ተድሬ ሳልመጣ። በረዶውን ፎቶዋ ፊት ያስቀምጡና ቀልጦ ቀይ ውሃ እስኪሆን ቁጭ ብለው ያዩታል። አንድ ዓመት «እማማ፣ ግማሹን እንኳ ቢቀምሱት ምናለ፣ ሲባክን ያሳዝናል» ብዬ ብቀባጥር፣ በዐይናቸው ብቻ እስከ ቤቴ ሸኙኝ። በዚያ ቀብር ላይ የሆነ ነገር ተብሏል ይላል ሰፈሩ። ምን እንደተባለ የሚያውቅ ግን የለም። ዝም አይነቅዝም፣ እሳቸውም ዝም እንዳሉ ኖሩ።

ዘንድሮ ኪኑኮ ጡረታ ትወጣለች። የመጨረሻ ሥራዋ «የጨው መንገድ ፋኖሶች» የሚባል ተከታታይ ነው፤ ሺኖ የምትባል ልጅ በአንዲት ትንሽ ወደብ ስለምታሳልፈው በጋ። ማስታወቂያው ፀጉር ቆራጩ መስኮት ላይ ተለጥፎ ነበር። ሺኖ በበዓል ዩካታዋ፣ በዚያ በስሱ የበጋ ኪሞኖ፣ ከፋኖሶቹ በታች ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። አንድ ጠዋት እማማ ፉሳኖ ዱላቸውን ተደግፈው እሱ ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

«መቀነቱን ማን ነው ያሰረው?» አሉኝ።

«ሥዕል እኮ ነው እማማ። ማን ያስረዋል?»

«በደንብ ታስሯል» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

በዚህ ጉልበቴ ደረጃውን እየዘለልኩ ፎቅ ወጣሁ! ለኪኑኮ ስነግራት እርሳሱ ከእጇ ወደቀ። መቀነቱን የሣለችው እሷው ነበረች። ዕለቱኑ ሄዳ እናቷን ጋበዘቻቸው። የመጀመሪያው ክፍል በቴሌቪዥን ከመውጣቱ በፊት እሑድ ከሰዓት በኋላ በወረዳው አዳራሽ ለሰፈሩ ሰው ሊታይ ነበርና። እማማ ፉሳኖ «እመጣለሁ» አሉ። እንዴት፣ ለምን፣ ምንም የለም፤ «እመጣለሁ» ብቻ።

ኪኑኮ እንደ ልጅ አደረጋት። «ቶሺኤ፣ አንድ ጊዜ አይታ 'ደህና ነው' ካለችኝ ይበቃኛል። ሌላ ምንም አልፈልግም» አለችኝ። ስድሳ ዓመት የሞላት ሴት ናት ይህን የምትለኝ። አንጀቴን በላችው።

ቅዳሜ ጠዋት ዘይት እያሞቅሁ ሳለ በሩ ተበርግዶ ተከፈተ። ኪኑኮ ናት፣ ፊቷ እንደ ወረቀቷ ነጥቷል።

«ምን ሆንሽ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አዎ» አለችኝ። «ሺኖ።»

«የትኛዋ ሺኖ?»

«የእኛዋ! የሥዕሏ! ግራውን አስቀድሜ አስገብቼባታለሁ!»

እሳቱን አጠፋሁ። ኪሞኖ ሲለበስ የቀኙ ክንፍ ቀድሞ ገላ ላይ ይገባል፣ የግራው ከላይ ይደረባል። የሕያው ሰው አለባበስ ይኼ ነው። ግራው ቀድሞ ገብቶ ቀኙ ከላይ ከዋለ ግን የሬሳ ነው፤ ከሬሳ በቀር እንደዚያ የሚለብስ የለም። ለዚህ ነው የከሰረ ሱቅ እኛ ዘንድ «ግራው ቀድሞ ገባ» የሚባለው። የእኔም ምሳ ቤት አንድ ሰሞን እንደዚያ ተብሎለታል፤ ያሉትን ሰዎች አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፣ አሁንም ኮሮኬ ስሸጥላቸው ትንሿን መርጬ ነው።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። ዳይሬክተሩ፣ ያሱናጋ የሚባል ወጣት፣ ሺኖ ከዚህኛው ጎን ሳይሆን ከዚያኛው ጎን ብትመጣ ያምራል ብሎ በመጨረሻው ሰዓት ሥዕሉን እንዳለ እንደ መስታወት ገለበጠው። ፋኖሱ ተገለበጠ፣ ባሕሩ ተገለበጠ። ባሕር ቢገለበጥ ማን ያውቃል? ልብሱም ግን አብሮ ተገለበጠ። ኪኑኮም በዚያ ጥድፊያ የሺኖን ፊት ብቻ አቃንታ አሳለፈችው። የአልባሽ ልጅ! ግራው ገባ፣ እኛም ግራ ገባን።

«ለነገ አይታረምም?»

«ለቴሌቪዥኑ ይደርሳል። የነገው ግን ተልኳል፣ አለቀ።»

«እንግዲያው እናትሽን አታምጪያቸው። አሞኛል በያቸው።»

«ነገ ካልመጣች ዳግመኛ አትመጣም። አታውቂያትም?»

አውቃቸዋለሁ። «መነጽራቸውን ልደብቀው?»

«ቶሺኤ!»

«ሐሳብ ነው ያቀረብኩት፤ ምን ያስቆጣሻል?»

ኪኑኮ ወንበር ላይ ዘጭ አለችና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። «ሌላውን ሁሉ ስህተት ብታይ ግድ የለኝም። ዐይን ቢንሸዋረር አይገባትም። ይኼን ግን፣ ከዓለም ስህተት ሁሉ ይኼን...»

በመጨረሻ ዘዴ ፈጠርን። ነገሩ የሚታየው ለአፍታ ነው፣ ሺኖ ከበረዶ ሻጩ ዘንድ ቆማ ወደ እኛ ስትዞር። እኔ ከእማማ ፉሳኖ አጠገብ እቀመጣለሁ። በረዶ ሻጩ ብቅ ሲል በከረሜላ የተሞላ ቦርሳዬን እጥለዋለሁ፣ ከረሜላው እግራቸው ሥር ይበተናል፣ እሳቸው ጎንበስ ይላሉ፣ ሺኖም በሰላም ታልፋለች። «ቦርሳ መጣል ካቃተኝማ ምኑን ሰው ሆንኩ!» አልኳት። አፌ መቼም ሥራ ፈትቶ አያውቅም።

እሑድ አዳራሹ ጢም አለ። እማማ ፉሳኖ አመድማ ኪሞኖ ለብሰው፣ አንገታቸው ላይ አንዲት ሽብሽብ ሳትታይ፣ መሃል ረድፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ በግራቸው፣ ኪኑኮ በቀኛቸው። ቦርሳዬን ዚፑን ከፍቼ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ዝግጁ ነኝ።

መብራቱ ጠፋ።

እኔ እንግዲህ ካርቱን ልናይ ነው ብዬ ነበር የገባሁት። መጀመሪያ ባሕር መጣ። ጎህ ሲቀድ ያለ ባሕር፣ ገና ቀለሙን ያልመረጠ። ከዚያ ብርሃኑ ቀስ ብሎ በጨው ማድረቂያው ሜዳ ላይ መጣና እያንዳንዷን ኩሬ ለኮሳት። አዳራሹ ውስጥ የሚያስል እንኳ ጠፋ። ጫማዬ የራሰ መስሎኝ እግሬን ሰበሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ ብትስቁም ሳቁ።

ታሪኩ ቀላል ነው። የሺኖ አባት ባሕር ወጥቶ አልተመለሰም። እናቷ ግን በየቀኑ ለእሱ አንድ ሳህን ሩዝ ታቀርባለች። ሺኖ ደግሞ እናቷ ዘወር ስትል ያንን ሩዝ ሰርቃ ትበላዋለች፣ ሆዷ ሞልቶ እያመማት፤ እናቷ ባዶውን ሳህን ስታይ ፈገግ እንድትል። ልጅት አትናገር፣ እናትየው አትናገር። እናትየው ሳህኑን ስታጥብ ጀርባዋ ብቻ ነው የሚታየው። ያ ጀርባ! ከኋላዬ ዓሣ ሻጩ ታካጊ፣ ያ የድንጋይ ቁራጭ፣ እንደ መርከብ ጥሩንባ ተናፈጠ። እኔማ መሃረቤ አልቆ በእጅጌዬ ነበርኩ። በመሃል የበዓሉ ፋኖሶች ተለኮሱ፣ ሰው ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወረደ፣ አንድ መላጣ ሰውዬም በረዶ እየፋቀ ብቅ አለ፤ እኔ ግን ፊቴን በእጅጌዬ ቀብሬ እየተነፋረቅሁ ነበር። ቀና ስል ሺኖ ዞራ እየሳቀች ነው። ቀኙ ክንፍ ከላይ፣ ግራው ከሥር። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ጉድ ፈላ! ከረሜላውን አሁን ልበትነው? አሁን ምን ሊያደርግ! የእማማ ፉሳኖ እጅ መጥቶ የእጄን አንጓ ያዘ። አጥንቴ እስኪሰማኝ ያዘ። እስኪያልቅ ድረስም አልለቀቀኝም።

መብራቱ ሲበራ ማንም አልተነሣም። የአዳራሹ ልጅ ማይክ ይዛ በየረድፉ ዞረች፣ የተሰማችሁን ተናገሩ እያለች። መጀመሪያ ፀጉር ቆራጩ ተነሣ።

«እኔ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ» አለ። «ያ የጠዋት ብርሃን... ከተጋባን ጀምሮ ለሚስቴ ልነግራት እሞክራለሁ፣ አልሆንልህ ይለኛል። ዛሬ አሳየኋት።» ሚስቱ ከጎኑ «ሲነግረኝ ውሸት ይመስለኝ ነበር» አለች፤ አዳራሹ ሳቀ።

ቀጥሎ የትምህርት ቤት ልብስ የለበሰች ልጅ ማይኩን ተቀበለች። «ሳህኑ» አለች። «ሳህኑን ስታጥብ...» ከዚያ ወዲያ እንባዋ አላስቀጠላትም፣ ተቀመጠች። ሁላችንም ገባን።

ታካጊ ዓሣ ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ገበያው ላይ የታየው ማኬሬል ዓሣ ጀርባው ላይ ያሉት መስመሮች ልክ አይደሉም። የሞተ ማኬሬል እንደዚያ አያበራም። ይኼን ልናገር ነው የተነሣሁት።» ሊቀመጥ ጎንበስ ብሎ ተመለሰ። «የሚቀጥለው መቼ ነው?»

እየሳቅን ሳለ አንድ ክብ መነጽር ያደረገ ወጣት እጁን አወጣ። «ሺኖ በበዓሉ ላይ ስትዞር የልብሷ ግራ ክንፍ ቀድሞ ገብቷል። ሞታለች ማለት ነው? ወይስ ስህተት ነው?»

ሳቁ ተቆረጠ። ከፊት አንዲት ሴት «ውይ! ሞታለች!» አለችና አፏን ያዘች። ያቺ ተማሪ እንደገና ማልቀስ ጀመረች። ሹክሹክታው ከረድፍ ረድፍ ዞረ፤ ለካ ሩዙን የምትበላው መንፈሷ ነው፣ ለካ ለዚህ ነው እናትየዋ የማታያት። ዳይሬክተሩ ያሱናጋ መድረኩ ላይ ቆሞ አዳራሹን አየ፣ ሰው እንዴት እንደተነካ አየ፤ ዐይኑ ሲበራ አየሁት። «እ... እንግዲህ እሱን...» ብሎ ፈገግ አለ። ሊዋሽ ነው፣ እኔ እንደሁ ውሸታም ከሩቅ ይሸተኛል። አንድ ቃል፣ «ጠብቁና እዩ» ቢል፣ ኪኑኮ ነጻ ትወጣ ነበር። ስህተቷ ጥበብ ይባልላት ነበር፣ በእናቷም ፊት ቀና ትል ነበር። በል እንጂ፣ በል እያልኩ በሆዴ ገፋሁት።

ኪኑኮ ተነሣች።

«ስህተት ነው» አለች። «የእኔ ስህተት ነው። አራሚዋ እኔ ነኝ። ሺኖ በሕይወት አለች።» ወገቧ እስኪታጠፍ ጎንበስ ብላ ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቀች፣ ቀና አላለችም።

«ማይኩን ስጡኝ» አሉ እማማ ፉሳኖ።

አሁን አዋረዷት፣ አልኩ። እሳቸው አንጓዬን ለቀው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ቆሙ።

«ፉሳኖ እባላለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳለብስ ነው የኖርኩት፣ ሕያውም ሙትም። መነጽር ያደረገው ልጅ ልክ ነው። ስህተት ነው። ይታረም።» ማይኩ ትንፋሻቸውን ያሰማ ነበር። «ሌላም ያየሁት አለ። ያቺ ልጅ በረዶውን ለመቀበል እጇን ስትዘረጋ፣ በሌላ እጇ የእጅጌዋን ጫፍ ያዝ አደረገችው። እጅጌው ሽሮፑ ውስጥ እንዳይነከር። ታሪኩ ያንን አይጠይቅም። ማንም 'ሣይው' አይልም። በአልባሽ ቤት ያላደገ ሰው ይህ አይታየውም። የሣለችው ልጄ ናት።»

ማይኩን መለሱና ተቀመጡ። መጀመሪያ ያጨበጨበው ታካጊ ነው። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ኪኑኮ ጎንበስ እንዳለች ቀረች፤ ከመሬቱ ላይ የእንባዋን ጠብታ አየሁት።

ሰው ወጥቶ ሲያልቅ ሦስታችን ኮሪደሩ ላይ፣ ከመጠጥ መሸጫው ማሽን አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ሞቅ ያለ የቆርቆሮ ሻይ ገዛሁላቸው። እማማ ፉሳኖ አልከፈቱትም፤ በሁለት እጃቸው ያዙት። ልሂድ ብዬ ስነሣ «ተቀመጪ ቶሺኤ። ከረሜላሽን ተሸክመሽ የት ትሄጃለሽ» አሉኝ። እንዴት እንዳወቁ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

«ኪኑኮ፣ ቺዮን ማን እንዳለበሳት ታውቂያለሽ?»

«አንቺ ነሻ፣ እማዬ።»

«እኔ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲነካብኝ አልፈለግሁም። ቀይ ዓሣ ያለባትን ዩካታዋን አለበስኳት፣ ለበዓሉ የሰፋሁላትን። አልብሼ ጨርሼ ቀና ስል አማቴ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ 'ባለሙያ ነኝ ባይ፣ የገዛ ልጇን መገነዝ አቃታት' አለችኝ። ባየው ግራው ከላይ ነው። እንደ ሕያው። እጄ ለቺዮ የሚያውቀው እንደዚያ ብቻ ነበር፤ ሳላዝዘው የለመደውን ሠራ።»

«ለምን አላስተካከልሽውም?»

«እጄ እንቢ አለ። ከዚያ ሣጥኑ ተዘጋ።» ሻዩን ከአንዱ መዳፍ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ሙታን ከሚሻገሩት ወንዝ ዳር ልብሳቸውን የምትቀበል አሮጊት አለች ይላሉ። 'ይቺ የለበሰችው የሕያው ልብስ ነው፣ አታልፍም' ብላ መልሳት ይሆን? ወደ እኛም አትመጣ፣ ወዲያም አትሻገር፣ እዚያው ወንዙ ዳር ቆማ ቀርታ ይሆን? ይኼን ሳስብ ኖርኩ። በረዶውን ባመጣሁላት ቁጥር ያው ነው፤ መጥታ ትበላዋለች ወይስ መንገድ ላይ ናት እያልኩ አየዋለሁ። ይቀልጣል።»

ኪኑኮ የእናቷን እጅጌ ጫፍ ያዘች። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ እናቷ እርሳሷን መጥላት የጀመሩት ከዚያ ቀብር በኋላ እንደሆነ አሁን ሳይገባት አልቀረም።

«ዛሬ ያቺን ልጅሽን አየኋት» አሉ እማማ ፉሳኖ። «የሙት ልብስ ለብሳ ከሕያዋን ጋር ትጫወታለች። ማን 'ወዴት ነሽ' አላት? ማንም። ያ መላጣ እንኳ አየት አደረጋትና ሽሮፕ ጨመረላት!» በሳቅ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ወይ ለቅሶ ነው፣ እንጃ። «እንግዲህ የእኔዋም የሕያው ልብስ ለብሳ ከሙታን ጋር ብትሰለፍ የሚያባርራት የለም። ልጅ እኮ ናት። ማን ልጅን በልብሷ ይመልሳል?»

ከዚያ «እፎይ» አሉ። እንደዚያ ያለ እፎይታ ሰምቼ አላውቅም። ሃምሳ ዓመት የተሸከሙትን ከረጢት መሬት ያስቀመጡ ያህል ነበር። እኔም አብሬ ተነፈስኩ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ ጀርባዬ ሁሉ ቀለለኝ።

ኪኑኮ አፍንጫዋን ጠረገች። «እማዬ... ሥራውስ ግን? ደህና ነው?»

«ደህና ነው አልኩ እኮ! ያውም በማይክ! ጆሮሽን ምን ነካው?»

በማግስቱ ያሱናጋ ወደ ምሳ ቤቴ እየሮጠ ገባ፣ ስልኩን እያውለበለበ። ሰው ሁሉ «ሺኖ ሞታለች» እያለ እየጻፈ ነው፣ እንዲህ የሚያለቅስ ተመልካች አይቼ አላውቅም፣ ለምን እንደዚያው አንተወውም አለ። ኪኑኮ አፏን ከመክፈቷ በፊት እማማ ፉሳኖ ከጥግ ወንበራቸው «አንተ ልጅ፣ እናት አለችህ?» አሉት። አለችኝ አለ። «እንግዲያው የዚያችን እናት ልጅ አትግደልባት። የምታስለቅሰው ሩዙን ሕያው ሆና ስለምትበላው ነው፤ ሙት ከሆነችማ ምን ሆዷን ያማታል?» ያሱናጋ ቆም ብሎ አሰበ። ቁጭ ብሎ ሁለት ኮሮኬ በላና «ልክ ነዎት» አለ። መቼም ዋሾ ቢሆንም ልጁ ይሰማል።

ዕለቱኑ እርማቱ እዚሁ ምሳ ቤቴ ውስጥ ተሠራ። ኪኑኮ ጠረጴዛ ላይ ወረቀቷን ዘረጋች፣ እኔ ደግሞ ሞዴል ተደረግሁ! ሰፊ ዩካታ አጥልቀውልኝ እማማ ፉሳኖ ከፊቴ ቆሙ። «ቀኙ ገባ። ግራው ከላይ። ሆድሽን ሳቢ።» «ስቤዋለሁ!» «ይኼ ነው የተሳበው?» ኪኑኮ እየሳቀች ትስላለች፣ እናቷ ሄደው በትከሻዋ ላይ አጮልቀው ያያሉ፣ «አንገቷ ጋ ላላ አድርጊው፣ በጋ ነው» ይላሉ፣ ተመልሰው እኔን ይጎትታሉ። ኮሮኬ ልትገዛ የመጣች ደንበኛ በሩ ላይ አይታን ተመለሰች። ትመለስ! ሺኖን ወደ ሕይወት እየመለስን ነበር።

የተበላሸውን ወረቀት ኪኑኮ ልትጥለው ስትል እማማ ፉሳኖ እጃቸውን ዘረጉ። «ለእኔ ስጪኝ» አሉ።

እሑድ በአሥራ አንድ ሰዓት የሰፈሩ ሰው ምሳ ቤቴ ውስጥ ታጭቆ በቴሌቪዥን አየው። ሺኖ ዞረች፣ ግራው ከላይ። ያ ባለ ክብ መነጽር ወጣት «እሰይ!» ብሎ ጮኸ። መጨረሻ ላይ ስሞቹ መሮጥ ሲጀምሩ እማማ ፉሳኖ ተነሥተው ቴሌቪዥኑ ሥር ቆሙ፤ የልጃቸው ስም ሲያልፍ በጣታቸው ነኩት።

ነሐሴ ገባ፣ ሙታን የሚመለሱበት ቀን ደረሰ። እማማ ፉሳኖ እንደ ልማዳቸው መጡ።

«ቶሺኤ፣ በረዶውን ዘንድሮ ሁለት አድርጊው።»

«ሁለተኛው ለማን ነው?»

ቀድመውኝ ወጡ። ሁለቱን ኩባያ በትሪ ይዤ ተከተልኳቸው። ኪኑኮ ቤት ውስጥ ሻማ እያበራች ነበር። ከቺዮ ፎቶ አጠገብ ያ የተበላሸው ወረቀት በትንሽ ፍሬም ቆሟል፤ ሺኖ የሙት ልብሷን ለብሳ ዞራ ትስቃለች። አንዱን በረዶ ለአንዷ፣ አንዱን ለሌላዋ አስቀመጥኩ። ሽሮፑ ገና አልወረደም ነበር። እንደ ሁልጊዜው ቁጭ ብለው ሲቀልጥ ሊያዩት ነው ብዬ ትራስ ላቀርብላቸው ጎንበስ አልኩ።

«ተይው» አሉ እማማ ፉሳኖ። «እኛ ሄደን ኮሮኬ እንብላ። ልጆቹ ይጫወቱ።»

በሩን ገርበብ አድርገን ወጣን።